እናቴ የእድር መዋጮ ሁለት ጊዜ ከከፈለች በኋላ

በ2014 ዓ.ም. አንድ እሑድ የእድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ ወደ ቤታችን መጥተው፣ እናቴ የወሩን መዋጮ ሁለት ጊዜ እንደከፈለች በአክብሮት ነገሩኝና ትርፉን መለሱልኝ። እኔም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብዬ ሸኘኋቸው። ያንን በማለቴ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ሳልወስዳት ሌላ አንድ ዓመት አልፏልና።

ምልክቱ ግን በየቀኑ ፊቴ ነበር። ቡና ስታፈላ አቦሉን ቀድታ ካደለች በኋላ ጀበናውን እንደያዘች ቆም ትልና «ቶናውን አጠጥቻችኋለሁ?» ትላለች፤ አንዳንዴም በረካውን ጠጥተን ከጨረስን በኋላ እንደ አዲስ ቡና ልትቆላ ትነሣለች። እኔ ደግሞ በጎረቤት ፊት «እማዬ፣ አሁን እኮ ጠጣን» እያልኩ አርማት ነበር። ቀስ በቀስ ማፍላቱን ለእኔ ተወችው። ደከመኝ ስትለኝ አመንኳት እንጂ፣ ስሕተቷ እንዳይታይባት እየሸሸች መሆኑን አላስተዋልኩም።

በመጨረሻ ያስደነገጠኝ የስኳር ክኒኗ ነው፤ ማለቅ በነበረበት ቀን ብቆጥረው 18 ፍሬ ተርፎ አገኘሁ። ለምርመራ ስንሄድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለእንቅልፍ ብላ ሐኪም ሳያዝላት የምታስገዛውን የአለርጂ ክኒን ጭምር፣ በፌስታል ይዤ ሄድኩ፤ ከሁሉም የጠቀመን ይህ ነው። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ ለስኳሯ የምትወስደው ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን በሚገባ እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካሉ ከእንስሳት ከሚገኙ ምግቦች ነው፤ እናቴ ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን የሚበልጠውን ጾም አንድም ቀን ሳታጓድል የምትጾም ሴት ናት። የደም ምርመራው የታይሮይድ ዕጢዋ ደህና፣ ቢ12ዋ ግን በጣም ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ።

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ያጠፋሁትም አለ። ሦስት ቃላት ነግረዋት ቆይተው ሲጠይቋት፣ ጭንቀቷን ማየት አላስችል ብሎኝ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ በትሕትና ውጭ እንድቆይ ጠየቁኝ። ሰዓት እንድትስል እርሳስ ሊሰጧት ሲሉ ፊደል ያልቆጠረች መሆኗን ተረድተው ተዉትና፣ ገበያ ላይ መልስ እንዴት እንደምትቀበልና ሽሮ ስታስፈጭ ምን ምን እንደምትጨምር ጠየቋት። በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርተው ምን፣ መቼ እንደተለወጠ ሲጠይቁኝ ግን የመለስኩት በግምት ነበር። ዛሬ ያየሁትን ከነቀኑ የምጽፍበት ደብተር አለኝ።

የቢ12 መርፌ ተጀመረላት፤ የአለርጂው ክኒንም ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ ንቃቷ በግልጽ ተመለሰ። መርሳቱ ግን ጨርሶ አለቀቃትም፤ ሲቲ ስካኑ በአንጎሏ ደቃቅ የደም ሥሮች ላይ የደረሰ ጉዳት አሳይቷልና። ቀደም ብዬ ብወስዳት ይህኛውን ላላስቀረው እችል ነበር፤ ያንን አንድ ዓመት ግን በድንግዝግዝ ባላሳለፈችው።

አሁን ቡናውን የምታፈላው እሷው ናት። ከረከቦቱ ጥግ ሦስት የቡና ፍሬ ታስቀምጥና አንድ ዙር ባደለች ቁጥር አንዷን ታነሣለች፤ ዘዴውን ያገኘችው ራሷ ናት። የመጨረሻዋ ፍሬ ብቻዋን ቀርታ ስታያት «እንዳትነሡ፣ በረካው አልደረሰም» ትለናለች።