ሙቀጫው እኔ ጋ፣ ዘነዘናው እሱ ጋ

ባለፈው ክረምት ከባለቤቴ ጋር ተለያየን። ለምን እንደተለያየን አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ዕቃው ነው።

ፍቺውን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው፤ እኛ ግን ለዕቃ ብለን ከመመላለስ ደብረ ብርሃን ቤታችን ሽማግሌ ጠርተን፣ ተስማምተን ለመቅረብ ወሰንን። አንደኛው አባት ደብተር ይዘው ክፍል በክፍል እየዞሩ ይጽፋሉ። አልጋ፣ ብፌ፣ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን።

እኔ ለፍሪጁ ደረሰኝ አውጥቼ ነበር። በስሜ ነዋ! ለካ አያዋጣም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ የ1995ቱ፣ በትዳር ውስጥ የተገዛውን የጋራ ነው ይላል፣ ደረሰኙ በማንም ስም ይሁን። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ፣ ወይ የወረስሽው፣ ወይ ላንቺ ብቻ የተሰጠሽ ከሆነ ነው የግልሽ፤ እሱንም ማስረዳት ያንቺ ፋንታ ነው። ፍሪጁን ለቀቅሁለት። ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ ምን ሊያደርግልኝ፣ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው።

ጉዱ የመጣው ባናው ላይ ነው። የመንዝ ባና፣ ጥቁር፣ ሲለብሱት ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ የሚያስመስል። የበጉን ጠጉር አንድ በጋ ሙሉ የፈተለችው እናቴ ናት። የሸመነው ግን የሱ አጎት ነው፣ ሒሳብ እንኳ አልተቀበለም። ለሠርጋችን ነው የሰጡን። እስቲ ፍረዱ፣ የማን ነው? እኔ የእናቴ ነው እላለሁ፣ እሱ የአጎቴ ነው ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንደኛው «ባና መቼም አይቀደድ» ብለው ዝም አሉ።

ቆይቶ ቆይቶ ወደኔ ሳያይ «ትውሰደው፣ ብርድ አትችልም» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ቴሌቪዥኑ መከራከር አቃተኝ። ይውሰደው አልኩ። ምጣዱና ረከቦቱ ለኔ፣ ብፌው ለኔ፣ ሶፋው ለሱ፣ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ፈረምን።

በሳምንቱ ቡና ቆልቼ ልወቅጥ ስል ዘነዘናው የለም። ለካ እሱ ማታ ማታ በሩን በሱ ነበር የሚያስደግፈው፤ ደብተር የያዙት አባባም በሩ ጥግ ቆሞ ሲያዩት ከዶማና ከመጥረቢያው ጋር ጽፈውለት ኖሯል። ሙቀጫው እኔ ጋ፣ ዘነዘናው እሱ ጋ።

ደውዬ መጠየቅ አፈርኩ። እስከዛሬ ከጎረቤት እየተዋስኩ ነው የምወቅጠው።