አምባዛ በፕላስ ሁለት

ሐዋሳ የሄድነው ዓሳ ልንበላ አልነበረም። ብንበላም። ጓደኛዬ ለሚሠራው አጭር ፊልም አንድ ሾት ጎድሎታል፦ ግዙፍ አምባዛ አንድ ታንኳ ላይ አፍጥጦ ሲያይ። በኮምፒውተር እንዳይሠራ ገንዘብ የለም። ስለዚህ የድሮው ዘዴ፤ ትንሹን ዓሳ ካሜራው አፍንጫ ሥር፣ ታንኳውን ሩቅ።

ችግሩ ፎከስ ነው። ዓሳው ሲጠራ ታንኳው ይደበዝዛል፤ ታንኳው ሲጠራ ዓሳው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሌንስ አለ፣ ስፕሊት ዳይኦፕተር የሚባል። ግማሽ ጎኑ ማጉያ፣ ግማሽ ጎኑ ባዶ። ዳይሬክተሩ ብራያን ደ ፓልማ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ብሎው አውት ፊልም ላይ ከፊት ጉጉት፣ ከሩቅ ተዋናዩን ጆን ትራቮልታን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን በሱ ነው። እኛ ከየት እናምጣ?

ከባጃጅ እንደወረድን መነጽር ቤት ገባን።

«ጋሼ፣ ፕላስ ሁለት ሌንስ ግማሹን ቆርጠው ይሰጡናል?»

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩን። «ዓይኑን የሚያመው በግማሽ ነው እንዴ?»

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሜትርን ለሌንሱ ፓወር ታካፍላለህ። ፕላስ አንድ 1 ሜትር፣ ፕላስ ሁለት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ፕላስ አራት 25። ዋናው ሌንስ ሩቅ ላይ ተስተካክሎ ፕላስ ሁለት ከፊቱ ሲደረግ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ነገር ይጠራል። ለጋሼ ይሄ የዘወትር እንጀራቸው ነው፤ ሳንጨርስ ገባቸው። ክቡን ፕላስቲክ መሃል ለመሃል በመጋዝ ቆረጡት፤ ጠርዙን ሞርደው በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። «እዚህ ጋ ከተጫረ ፊልምህ ላይ ይታያል» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድን። ነፋስ ሳይነሳ ሐይቁ ልጥ ብሎ ተኝቷል። ግማሹን ሌንስ በጥቁር ፕላስተር ካሜራው ላይ ለጠፍን። አምባዛውን ከነጢሙ በሲባጎ ግራ በኩል አንጠለጠልኩት፤ ክንዴ እስኪዝል። ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብዥ ያለ መስመር ይወጣል። የካሜራውን ሌንስ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስናጠበው መስመሩ ጎልቶ አረፈው፤ ስንከፍተው ለሰለሰ። የቀረውን ውሃ ውስጥ ከቆመ አንድ የእንጨት ምሰሶ ጋር አገጣጥመን ደበቅነው።

ሠራ! አምባዛው ታንኳውን ሊውጠው የደረሰ መሰለ። ቀዛፊው ነገሩን አያውቅም፣ ዘና ብሎ ይቀዝፋል።

ያኔ ነው አባ ኮዳው፣ ያ ግዙፍ ወፍ፣ የመጣው። እዚያ ያሉት አባ ኮዳዎች ሰው አይፈሩም። ያ ራሰ በራ አንገት በግራ በኩል ዘልቆ ገባና አምባዛዬን ከነሲባጎው መነጨቀኝ። ጮህኩ። ጓደኛዬ ግን ካሜራውን አላጠፋም።

ማታ ሆቴል ቁጭ ብለን አየነው። ቤት የሚያክል ወፍ፣ ታንኳ የሚያክል ዓሳ ይውጣል፤ ሁለቱም ጥርት ብለው። ከጀርባ ሰውዬው ይቀዝፋል። ጓደኛዬ እስክሪብቶ አወጣና ስክሪፕቱ ላይ «አምባዛ» የሚለውን ሰርዞ «አባ ኮዳ» ብሎ ጻፈ።