ሱፍ ለወፍ

ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አራተኛ ክፍል ናት። «የወላጅ ፊርማ» የሚለውን መስመር ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ፤ እዚህ አገር ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት ወይ ገንዘብ ይጠይቃል ወይ ቀጠሮ ያስይዛል። ይሄኛው የጠየቀው ወፍ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጓሮ ወጥታችሁ፣ ጓሮ ከሌላችሁም በመስኮት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ የምታዩትን ወፍ ቁጠሩ ይላል።

«ማሚ፣ እኛ ጓሮ ምን ምን ወፍ አለ?»

«ወፍ የለም» አልኳት።

ባሌ ከሶፋው ላይ ሳቀ። ለእሱና ለእኔ ወፍ የለም ማለት ምንም የለም፣ አለቀ፣ እንዳታስቢው ማለት ነው። የልጅቷ አማርኛ ግን የቤት አማርኛ ነው፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ጫማህን አድርግ፤ የአራዳው ጋ ገና አልደረሰችም። እንዳለ ወስዳው መስኮቱ ጋ ሄደች።

«አለ እኮ!» አለች። «ቀይ!»

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ስድስት ዓመት ሊሆነን ነው። ጓሮውን የማውቀው ቆሻሻ ላወጣ ስል ብቻ ነው። ማታ ሥራ እገባለሁ፣ ጠዋት ተመልሼ ልጆቹን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ እተኛለሁ፣ ስነሳ ደግሞ ሊመለሱ ደርሰዋል። ታዲያ ወፍ መቼ ልይ? እሱ ቀዩ ወፍ ግን ከእኛ ቀድሞ እዚያው ነበር። ካርዲናል ይባላል። ክረምት ሲመጣ ወደ ሙቅ አገር የሚሄዱት ሌሎቹ ናቸው፣ እሱ በረዶውም ላይ ቁጭ ነው። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ጉትዬዋና ክንፏ ላይ ብቻ ትንሽ ቀላ ይላል፣ ምንቃሯ የብርቱካን ቀለም። እኔ ሌላ ዓይነት ወፍ መስላኝ ነበር። «ሚስቱ ናት» ብላ ያረመችኝ ልጄ ናት።

ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ገባኝ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለአራት ቀን በየጓሮው ወፍ የመቁጠር ዘመቻ አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው ይቆጥራል። ዘመቻው ውስጥ ያሉት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ወፍ አጥኚዎች መርሊን የሚባል አፕ በነጻ ሰጥተዋል፤ ስልኩን ወደ ውጭ ሲይዙት የሚሰማውን የወፍ ድምፅ ለይቶ ስሙን ይጽፋል። ልጄ ታብሌቷ ላይ ጫነችው፣ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ተከለከለ።

ችግሩ መስኮቱ ነው። ጓሮውን ወለል አድርጎ የሚያሳየው የእንግዳ ክፍላችን መስኮት ነው፣ እንግዳ ክፍላችን ደግሞ እንግዳ ገብቶበት አያውቅም። ሻንጣ ነው ያለበት። አራት ትልልቅ ሻንጣ፣ በላዩ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ብርድ ልብስ ከነፕላስቲኩ፣ ብቻ መስኮቱን እስከ ግማሹ ውጦታል። ልጄ በቀረችው ክፍተት አንገቷን አስግጋ ስትቆጥር ሳያት አፈርኩ።

ስደት ላይ ያለ ሰው ይሄን ሻንጣ ያውቀዋል። «አገር ቤት ስንሄድ» የሚባለው ሻንጣ ነው። ቅናሽ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ ይቺ ለእህቴ ልጅ፣ ይሄ ለእማዬ፣ ይሄ ሎሽን ደግሞ ለማይታወቅ ሰው። ለማይታወቅ ሰው የግድ መያዝ አለበት፤ ሳይታሰብ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ የሚመጣ አይጠፋማ። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በእጅ አንጠልጥለው የሚመዝኑበት ትንሽዬ ሚዛን አለችኝ፣ ትኬት ሳልቆርጥ እመዝንበታለሁ። በ2020 ሰኔ ልንሄድ ነበር። ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ። ከዚያ የቤቱ ክፍያ፣ ከዚያ የእኔና የባሌ ፈቃድ አልገጥም አለ። ሻንጣው ግን እንደታሸገ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱን ለማስለቀቅ ብዬ ብቻ የመጀመሪያውን ጎትቼ ከፈትኩት። ቫይታሚኑ በ2022 ጊዜው አልፏል። ለእማዬ የገዛሁላት የማንበቢያ መነጽር አለ፣ እሷ ግን ዓይኗ ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ቁጥሯ ተቀይሯል። የጨቅላ ልብስ አለ፣ ባለቤቷ ዛሬ ኬጂ ጨርሳ የምትሳደብ ልጅ ናት። ሦስት ስልክ፣ ቻርጀራቸው የለም። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ «እሱ አይጣልም»፣ «እሱም አይጣልም» ይላል። ዶኔሽን ልወስደው መኪናው ኋላ የጫንኩትን ካርቶን ማታ ቀስ ብሎ አውርዶ ጋራዥ አስገብቶት አገኘሁት። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ብዙ አለው።

ከታች፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ፣ ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት አራት ላይ ታጥፎ አገኘሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የልጅ እግር ዙሪያውን ተስሎበታል። ውስጥ እግሩ ጋ ሲደርስ መስመሩ ተንቀጥቅጧል፣ ሳይኮረኩረው አልቀረም። ከጎኑ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ «ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ያድጋል» ይላል። በ2019 ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው የላከልኝ የልጁ እግር ልክ ነው፣ ልጁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጫማውን ገዝቻለሁ። ሰፋ አድርጌም ነው የገዛሁት። ሲረገጥ ተረከዙ ላይ መብራት ቦግ የሚል፣ ያኔ ልጆቹ ሁሉ የሚያብዱለት ዓይነት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አሁን ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ጎርንኗል።

«ማሚ እሽሽ! ቺካዲ መጣ!»

ቺካዲ ጥቁር ቆብ የደፋች፣ በእጅ ጭብጥ የምትገባ ወፍ ናት። አንድ ፍሬ ትነጥቅና ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አንድ ትነጥቅና ትሄዳለች። ሁሉንም አትበላውም። አንዱን የዛፍ ልጥ ስር፣ አንዱን ሌላ ስንጥቅ ውስጥ እየለየች ትደብቀዋለች፣ በኋላ ሲርባት የደበቀችበትን አስታውሳ ታወጣዋለች። ልጄ ይሄን ከታብሌቷ እያነበበች በእንግሊዝኛ ስታስረዳኝ እኔ እጄ ላይ ያለችው ስድስት ዓመት የደበቅኳት ጫማ ናት።

ሱፉን ለምን እንደገዛሁት አልነገርኳችሁም። ወፎቹ እንዲቀርቡ ጥቁር የሱፍ ፍሬ ሰቅላችሁ ጠብቁ ይላል ወረቀቱ። 20 ፓውንድ ጆንያ ገዛን። ይሄን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«ለወፍ?» አለች። «ሱፍ? ጾም እየገባ?»

ሳቁ ገና አልለቀቀኝም። እሷ ያደገችው ሸዋ ሮቢት፣ ቆላው ውስጥ ነው። ስምንት ዓመቷ ላይ፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ይዛ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እስኪመሽ ወፍ ስታባርር ትውል ነበር። ግሪሳ የሚባለው የወፍ መንጋ የመጣ ቀን ደግሞ ወንጭፍ ምንም አይሠራም፤ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ አገሩ ሁሉ ይወጣል። ግሪሳ እንደ ደመና ነው የሚመጣው፣ ማሳው ላይ አርፎ ሲነሳ የሚቀረው አገዳው ነው። እንዲህ ወፍ ስታባርር ያደገችው የእናቴ ልጅ፣ ማለትም እኔ፣ አሜሪካ ገብቼ ለወፍ ቀለብ ሰፈርኩ። «ይቅር ይበልሽ» አለች በመጨረሻ፣ ከዚያ ግን ቀስ ብላ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ወፍ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ስሙን በአማርኛ መንገር አቃተኝ። የማውቃቸውን ቆጠርኩ፦ ርግብ፣ ዋኖስ፣ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ንስር፣ ድንቢጥ፣ ቆቅ፣ ጅግራ። እዚያ ላይ ቆምኩ። አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ እኔ ዘንድ የቀሩት «ወፍ» ናቸው።

ልጄ ደግሞ በተራዋ ስለ ቋንቋ የምታውቀው ነገር አላት። መዋዕለ ሕፃናት ሳስመዘግባት ቅጹ «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ትነጋገራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ በሦስቱም መስመር አማርኛ ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችል እንደሆነ ትፈተን ተብላ ተጠራች። እዚሁ የተወለደች ልጅ! በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ! ፈተናውን ሳይከብዳት አለፈች፣ እኔ ግን «እንግሊዝኛዋ በጣም ጥሩ ነው» ሲሉኝ ደስ ይበለኝ ይከፋኝ አላውቅም ነበር። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባል የለ? ለካ ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም፤ የካርዲናል ዜማ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፣ ጫጩት ሆኖ የሰማውን ነው ሲያድግ የሚዘምረው።

እሁድ የመጨረሻው ቆጠራ ነበር። የወረቀቱ ሕግ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ብቻ ጻፉ ይላል፣ አንዱ ወፍ ሁለቴ እንዳይቆጠር። ካርዲናል 2። ቺካዲ 3። ዋኖስ የምትመስል 4። ብሉ ጄይ 1፣ ሌላውን ሁሉ በትኖ ብቻውን የሚበላ ጉልበተኛ። ድንቢጥ 11፣ ቅድመ አያቶቻቸው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ ብሩክሊን የመጡ። ሃውስ ፊንች 2። የዚችኛዋን ታሪክ ባሌ ሦስቴ አስነብቧታል፦ አገሯ ምዕራብ አሜሪካ ነበር፣ ነጋዴዎች በድብቅ ኒው ዮርክ አምጥተው በጎጆ ይሸጧት ነበር፣ በ1940 ሕግ ሲመጣባቸው ለቀቋት፣ እሷም ተዋልዳ ምሥራቁን ሞላችው። «ያለ ወረቀት!» ይላል እየደጋገመ። ታክሲ ውስጥ ለሰው ሁሉ ሲያወራው እንደሚሰነብት አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ቤት በቪዲዮ ደወልን፤ እዚያ መሽቷል። የእግሩን ወረቀት ለልጁ አሳየሁት። ሳቀብኝና ስልኩን ወደ እግሩ ዝቅ አደረገው። 42 ቁጥር ነው የማደርገው አለ። ጫማውን ትንሹ ልጄ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አድርጎት ሳሎን ውስጥ ይሮጣል። የግራው ይበራል፣ የቀኙ ባትሪ ሞቷል።

«አክስቴ፣ እሱ ነው የኔ?»

«አዎ፣ ያንተ ነው።»

«ይበራል እንዴ አሁንም?»

እዚያ ከውጭ፣ ከጨለማው፣ የሆነ ወፍ ጮኸ። ረጅም፣ አንዴ ዝም ብሎ መልሶ የሚያስረዝመው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ አልጋዬ ላይ ሆኜ የምሰማው ነው። የምን ወፍ ነው አልኩት። «ወፍ ነዋ አክስቴ» አለኝ። ልጄ ታብሌቷን ይዛ ሮጣ መጥታ ስልኬ ስፒከር ላይ ለጠፈችው። «ሁላችሁም ዝም በሉ» አለች በአማርኛ። ዝም አልን። እዚያም ዝም አሉ። ወፉ ሁለቴ ጮኸ፣ ሦስቴ ጮኸ። ልጄ ስክሪኑን ጠበቀች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች፣ ከዚያ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረችው። ባዶ ነው።

«ማሚ» አለች፣ «ወፍ የለም።»