አንድ ተኩል ኪሎ የት ቀረ?

ጥቅል እንዳለ ሲጠፋ ጉዳዩ ቢያናድድም ውስብስብ አይደለም። የመከታተያ ቁጥሩ አንድ ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ አጓጓዡ ይፈልጋል፣ ካላገኘው ካሳው ይከፈላል። ካርቶኑ ደርሶ ከውስጡ አንድ ዕቃ ሲጎድል ግን ሦስት ወገን ይጠረጠራል፦ ያሸገው፣ ያጓጓዘውና የተቀበለው። አጓጓዡ በእጁ የርክክብ ፊርማ አለው። ስለዚህ ጥርጣሬው ሳይውል ሳያድር በቀሩት ሁለቱ ላይ ያርፋል።

የምሠራው ያገለገሉ ካሜራዎችንና ሌንሶችን በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የኢንሹራንስ ጉዳዮችን የምከታተለው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር ያዘዘች ደንበኛ ካሜራውና አጭሩ ሌንስ እንደደረሷት፣ ረጅሙ ሌንስ ግን ካርቶኑ ውስጥ እንደሌለ ጻፈችልን። መልእክቷን የጀመረችው "እባካችሁ እመኑኝ" ብላ ነው። ገንዘቧን ከፍላ ዕቃዋን ያጣች ሰው ጭራሽ እንድትታመን መለመን ነበረባት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መልሴ አጭር ነበር። "ካርቶኑን፣ በውስጡ የነበረውን መሙያ ወረቀት ሳይቀር፣ እባክዎ አይጣሉ። ስድስቱንም ጎን፣ በተለይ የታችኛውን መገጣጠሚያ፣ አድራሻው ከተለጠፈበት ወረቀት ጋር ፎቶ አንስተው ይላኩልን። የሌንሱን ዋጋ እንመልስልዎታለን፤ የኢንሹራንሱን ውጤት መጠበቅ የለብዎትም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት ከደግነት ብቻ አይደለም። የኢንሹራንሱ ውል በእኛና በመድን ሰጪው መካከል ነው፤ ደንበኛዋ ውሉ ውስጥ የለችበትም። ሻጭ "ኢንሹራንሱ ሲከፍለኝ እከፍልሻለሁ" ሲል የራሱን ስጋት በሰው ጫንቃ ላይ እየጫነ ነው።

ፎቶዎቹ በዚያው ዕለት መጡ። ከላይ የእኛ ስም የታተመበት ስኮች እንደነበረ አለ። ከታች ግን በእኛ ስኮች ላይ ሌላ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ስኮች ተደርቦበታል። የጉምሩክ ሠራተኞች ጥቅል ከፍተው ሲያሽጉ አብዛኛውን ጊዜ ምልክታቸውን ይተዋሉ፤ እዚህ ግን አንዳች ምልክት አልነበረም። አጓጓዡም ካርቶኑ በጉምሩክ ስለመከፈቱ መዝገብ እንደሌለው አረጋገጠልን።

ለአጓጓዡ የጽሑፍ አቤቱታ ያስገባነው ወዲያው ነው፤ ምክንያት ነበረን። በአየር የሚጓዝ ዓለም አቀፍ ጭነት በአብዛኛው የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት ጭነት ተጎድቶ ሲደርስ ቅሬታው ከርክክቡ ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ከውስጥ የጎደለ ዕቃ "ጉዳት" ነው ወይስ "መጥፋት" የሚለው የሕግ ባለሙያዎችን የሚያከራክር ነጥብ ነው። በጊዜ የጻፈ ሰው ክርክሩ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም።

ይኸው ስምምነት ሻጭ ለምን የተለየ ኢንሹራንስ እንደሚገዛም ይነግረናል። ላኪው ሲያስረክብ የዕቃውን ዋጋ ለይቶ አስታውቆ ተጨማሪ ክፍያ ካልከፈለ በቀር፣ የአጓጓዡ ተጠያቂነት በኪሎ ይገደባል። ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚያወጣው የሒሳብ መለኪያ ነው። የእኛ ካርቶን 4.2 ኪሎ ስለነበር ቢበዛ 109 ኤስዲአር ገደማ ይደርሰናል። ጥሩ ረጅም ሌንስ የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል። "አጓጓዡ ይከፍለኛል" ብሎ ውድ ዕቃ የሚልክ ሻጭ ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራው እመኛለሁ።

ለመድን ሰጪው የሽያጭ ደረሰኙን፣ እኛ ሌንሱን የገዛንበትን ሰነድ፣ የደንበኛዋን የጽሑፍ ቃል፣ ፎቶዎቹንና የአጓጓዡን መልስ ላክን። ደረሰኛችን እያንዳንዱን ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩና ከነዋጋው ለይቶ ይዘረዝራል። "ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው" ተብሎ በአንድ ዋጋ ቢጻፍ ኖሮ ለጎደለው ክፍል ስንት እንደሚከፈል ራሱ አንድ ክርክር ይሆን ነበር።

የመጣው መልስ ግን ውድቅ ነው። ደብዳቤው ርክክቡ በፊርማ መፈጸሙን፣ ስኮቹ መቼና በማን እንደተደረበ አለመታወቁን ጠቅሶ፣ "የጥቅሉ ክብደት በጉዞው ሁሉ ሳይለወጥ 5.5 ኪሎ በመሆኑ ሌንሱ ሲታሸግ በውስጡ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለም" ይላል። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ወይ ማሸጊያ ክፍላችን ውስጥ ያለ ሰው አስቀርቶታል፣ ወይ ሳይታሸግ ተረስቷል። ያን ካርቶን ያሸገው ባልደረባዬ ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ዕቃን እንደ ዓይን ብሌኑ የሚጠብቅ ሰው ነው። "አንተም እንደዚህ ታስባለህ?" አለኝ።

እኔ ያየሁት ቁጥሩን ነበር፤ እኛ ጋ ያለው ክብደት 4.2 እንጂ 5.5 አይደለም። ባልደረባዬ እያንዳንዱን ካርቶን ካሸገ በኋላ ሚዛን ላይ አድርጎ፣ የሚዛኑ ቁጥርና የአድራሻው ወረቀት አብረው በሚታዩበት ሁኔታ ፎቶ ያነሳል። ታዲያ 5.5 ከየት መጣ?

ብዙ የአየር ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ የተገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ ሒሳቡ በእሱ ይሆናል። የእኛ ካርቶን 45 በ30 በ20 ነው፦ 27,000 ለ5000 ሲካፈል 5.4፣ ወደ ቀጣዩ ግማሽ ኪሎ ሲጠጋጋ 5.5። የመድን ሰጪው መርማሪ ይዞ ያነጻጸረው ይህን የሒሳብ ክብደት ነበር። ይህ ቁጥር የሚወጣው ከካርቶኑ ስፋት ስለሆነ ሌንሱ ቢወጣ፣ ካሜራውም ቢወጣ፣ ካርቶኑ ባዶውን ቢጓዝ እንኳ 5.5 እንደሆነ ይቀራል። ስለ ውስጡ አንዳች የሚናገረው ነገር የለም።

አጓጓዡን በጽሑፍ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፦ ጥቅሉ በእያንዳንዱ ጣቢያ በማሽን ሲያልፍ የተመዘገበውን የሚዛን ክብደት። ይህ መረጃ ደንበኛ በሚያየው የመከታተያ ገጽ ላይ አልነበረም። የካሳ ክፍሉም መጀመሪያ የላከልን ያንኑ 5.5 ነው። የምንፈልገው የሚዛኑን እንጂ የሒሳቡን እንዳልሆነ ደግመን ስንጽፍ ዝርዝሩ መጣ። ሲረከቡን 4.2። በመጀመሪያው የመለያ ማዕከል 4.2። በሚቀጥለው 2.7። ደንበኛዋ ደጃፍ እስኪደርስም 2.7።

የጎደለው 1.5 ኪሎ ነው። የሌንሱን ክብደት ከነማሸጊያው እኛው መዝገብ ላይ አየነው፤ 1.48 ይላል። ዝርዝሩን ለባልደረባዬ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው። ደንበኛዋም ካርቶኑን የተቀበለችው ሌንሱ ከወጣ በኋላ መሆኑ በአጓጓዡ በራሱ ማሽን ተረጋገጠ። አንድ ረድፍ ቁጥር ሁለት ንጹሕ ሰዎችን ነጻ አወጣ። የሌንሱን ዋጋ ባናገኝ እንኳ ለዚህ ሲባል ይግባኙ የሚገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይግባኙ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለ ደንበኛዋ ታማኝነትም ስለ እኛ መልካም ስምም አልጻፍኩበትም፤ ሁለቱን የክብደት ዓይነቶች ለይቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ የሚዛኑ ፎቶና የአጓጓዡ ዝርዝር ብቻ። መድን ሰጪው ውድቅ ያደረገውን ውሳኔ ሽሮ ከፈለን። የከፈለው ሌንሱን የገዛንበትን ዋጋ ነው፤ ትርፋችንን ፖሊሲው ስለማይሸፍን አልጠየቅንም። ከአጓጓዡ ካሳ የመጠየቅ መብታችንንም ለመድን ሰጪው አስተላለፍን፤ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ መቀበል አይቻልም። የሌንሱን መለያ ቁጥር ለፖሊስ አስመዝግበናል።

አሁን የታችኛው መገጣጠሚያም እንደ ላይኛው ስማችን በታተመበት ስኮች በሦስት መስመር ይታሸጋል፣ ፎቶም ይነሳል። የሚዛን ክብደቱ ደረሰኙ ላይ ስለሚጻፍ ደንበኛ ካርቶኑን ሳይከፍት መዝኖ ማመሳከር ይችላል። የኢንሹራንስ ውሉን ስናድስ ደግሞ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ጠየቅን፦ ከውስጥ ዕቃ ጎደለ በሚባልበት ጊዜ የሚነጻጸረው ክብደት የሚዛኑ እንጂ የሒሳቡ እንዳይሆን። መድን ሰጪው ያለ ክርክር ተቀብሎ ፈረመበት።