በጫማ ነው እኮ!
ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቷ ልጆች ጋር ኪሊማንጃሮ ልትወጣ ታንዛኒያ ሄደች። እኔ አራተኛ ፎቅ፣ ሶፋ ላይ ቀረሁ። ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ። እሷን ጉልበቷን ያማታል። ሞሺ ስትደርስ ተሻላት መሰለኝ። እሱን ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚልክ መሣሪያ ይዘዋል። ሊንኩን ላከችልኝ። በቃ፣ ሥራ ቆመ። ካርታው ላይ የምትሄደውን ሰማያዊ ነጥብ ሳይ ሁለቴ ሽሮ አሳረርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ነጥቧ ማንዳራ የሚባል ማረፊያ ላይ ቆመች። ከሥሯ ቁጥር አለ፦ 8,924። ኤቨረስት 8,848 እንደሆነ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ሸምድጃለሁ። ቀነስኩ። ከዚያ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ «ባለቤቴ በግማሽ ቀን ኤቨረስትን በ76 ሜትር በለጠችው!!!»

አማቴ በድምፅ መልእክት እልል አሉ። ሜሪላንድ ያሉት አክስቷ አለቀሱ። ፎቶም ደረሰ፤ ከኋላዋ ለምለም ጫካ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል። እኔ «አይ ጉሬዛ! ያለ ኦክስጅን እዚህ ድረስ?» ብዬ አደነቅኩት።

ይሄኔ አሥረኛ ክፍል የሚማረው የወንድሜ ልጅ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ በጫማ ነው እኮ።»

«ታዲያ በባዶ እግሯ እንድትወጣ ፈልገህ ነው?» አልኩት።

እዚያው። 43 ሰው እያየ። ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ጫማውን መርካቶ ሄጄ የገዛሁት ራሴ እንደሆንኩ፣ ስንት እንዳወጣሁ፣ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ በልጁ ስም እንደማለ ሁሉ ዘረዘርኩ። የሶሉን ፎቶ ላክሁ። የሶሉን! ልጁ ስጨርስ ጠብቆ «አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው ጋሼ። ያለችው 2,720 ሜትር ላይ ነው። እንጦጦ ይበልጣታል» አለ።

እንጦጦ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ማኪያቶ ሊጠጣ የሚወጣበት እንጦጦ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ሜሪላንድ 20 ዓመት ሙሉ በጫማ ሲለኩ ኖረው ዝም ብለው ያለቀሱት አክስቷ ግን ይገርሙኛል። መሣሪያውን የሠራውም ሰው እንደዚያው። የታንዛኒያ ሰው እኩለ ሌሊትን እንደኛው «ስድስት ሰዓት» ነው የሚለው። ሰዓት እንኳ ከኛ ጋር በሚገጥምበት አገር፣ ተራራ ላይ ጫማ ምን ይሠራል?

ከዚያ በኋላ ካልኩሌተር ሳልይዝ ካርታውን ከፍቼ አላውቅም። የመጨረሻው ቀን ከኪቦ ማረፊያ የተነሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። መተኛት አቃተኝ። ነጥቧ እንደ ኤሊ ነው የምትሄደው፤ ትቆማለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። መብራት ሄደ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ቀረው። ሲነጋጋ ነጥቧ ኡሁሩ ጫፍ ላይ ደረሰች። 19,341። በካልኩሌተር መታሁት። 5,895 ሜትር። ደግሜ መታሁት። እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ግሩፑ ላይ «ደረሰች! 5,895!» አልኩ።

እልልታ የለም። ሁሉም አንብበውታል። ከስንት ደቂቃ በኋላ አማቴ ጻፉ፦

«ልጄ፣ በሜትር ነው በጫማ?»