ለሐምሌ የተሰላ ሶላር፦ ሱሉልታ ላይ መብራት ላልገባለት ግቢ ካሜራ ያቆምኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ዙሪያ ሶላር የሚገጥም ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሰላው በጥር ፀሐይ ነው። በጥር ሁሉም ነገር ይሠራል። ሥራው የሚፈተነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ሲቀር ነው። የሱሉልታውን ግቢ ስሠራ ፓነሉንም ባትሪውንም የመረጥኩት ሐምሌን ይዤ ነው፤ በበጋ የሚተርፈው ይትረፍ።

የሚሠሩት ዕቃዎች ሁለት ናቸው፦ በሲም ካርድ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ካሜራ እና ሰው ሲያልፍ የሚበራ የ6 ዋት ኤልኢዲ አምፖል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጆታ አልወሰድኩም፤ ለካሁት። መስመር መሀል የሚገባ ርካሽ ዋት ሜትር አለ፤ እሱን አስገብቶ አንድ ቀንና ሌሊት መተው ይበቃል። ካሜራው ቀን በአማካይ 3.2 ዋት፣ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ 5.5 ዋት ወሰደ። እኛ ጋ ቀኑም ሌሊቱም 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 38 እና 66፣ በድምሩ 104 ዋት ሰዓት። ለካሜራው ቋሚ 12 ቮልት የሚሰጠው መቀየሪያ የሚያባክነው፣ ኮንትሮለሩ (የፓነሉን ኃይል እየተቆጣጠረ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) ለራሱ የሚወስደውና አምፖሉ ሲጨመሩ በቀን 130 ዋት ሰዓት ይደርሳል። ልኬቱ ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ኔትወርክ ሲደክም ካሜራው ለመላክ የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል።

ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው) አላስገባሁም። ትንሽ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ከ5 እስከ 10 ዋት ሊበላ ይችላል፤ ካሜራው ራሱ ከሚፈጀው እኩል ወይም በላይ ማለት ነው። ከ12 ቮልት ወደ 220 ወጥቶ በአዳፕተር ተመልሶ 12 መሆን ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥቅም የለውም።

ባትሪውን ለሦስት ጨለማ ቀናት አሰላሁት። 130 በ3 ሲባዛ 390። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪን 80 በመቶ ድረስ መጠቀም ስለሚቻል 390 ለ0.8 ሲካፈል 488 ይመጣል፤ 12.8 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 512 ዋት ሰዓት ወሰድኩ። በአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ ከ60 አምፔር ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ሲገዛ ክብደቱን ይዞ ማየት ነው፦ የዚህ መጠን እውነተኛ ባትሪ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከ3 ኪሎ በታች ከሆነ የተጻፈውን አልያዘም። ከሞላ በኋላ ሁለት የ21 ዋት የመኪና አምፖል ሰክቶ ሰዓት መያዝም ይቻላል፤ ትክክለኛው 11 ሰዓት አካባቢ ያበራል። የተናጠል ሊቲየም ሴል ገዝቶ ማገጣጠም የሚፈልግ ደግሞ 18650 በሚባለው ክብ ሴል ላይ «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ተጽፎ ካየ ይለፈው። የዚህ መጠን ጥሩ ሴል 3500 አካባቢ ነው።

ለፓነሉ በሐምሌ ጨለማ ቀን 2.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ይገኛል ብዬ ያዝኩ፤ ፓነሉ በሙሉ ኃይሉ 2.5 ሰዓት ቢሠራ የሚሰጠውን ያህል ማለት ነው። 130 ለ2.5 ሲካፈል 52 ዋት። ተራው የፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ግን የፓነሉን 18 ቮልት ወደ ባትሪው 13 ስለሚያወርደው ከሩብ በላይ ይባክናል፤ ቆሻሻና ሙቀት ሲታከሉ 84 ዋት ይጠይቃል። 100 ዋት አደረግኩት። ከቤት ጣሪያ የወረደ ትልቅ ፓነል፣ 31 ቮልት የሚሰጠውን፣ በዚህ ኮንትሮለር መግጠም ከግማሽ በላዩን መጣል ነው፤ ለእሱ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር የሚቀይር ኤምፒፒቲ የሚባል ኮንትሮለር ያስፈልጋል። የፓነል ታርጋም አይታመንም፤ ርዝመትና ስፋቱን በሜትር አባዝቶ በ190 ማባዛት ግምቱን ይሰጣል። እውነተኛ 100 ዋት ከግማሽ ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

አሁን ወደ አቀማመጡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከውጭ አገር ቪዲዮ የተማረ ሰው ፓነሉን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያዘነብለዋል። እኛ ያለነው በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትሆነው ከአናታችን ወደ ሰሜን ነው፤ ሰኔ ላይ 14 ዲግሪ ትርቃለች። 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ የዞረ ፓነል ያን ጊዜ ቀጥተኛውን ብርሃን ሩብ ያህል ያጣል፤ ያውም ብርሃን በጠፋበት ወቅት። በደመና ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ ከመላው ሰማይ ስለሚመጣ ጠፍጠፍ ያለ ፓነል ይሻላል። ጨርሶ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃና ጭቃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ 10 ዲግሪ ወደ ደቡብ አድርጌ ጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ አሰርኩት። ጥላውን ያየሁት ለታኅሣሥ ነው፦ በስተ ደቡብ ያለ 15 ሜትር ባህር ዛፍ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከ9 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል፣ ጠዋትና ማታ ከዚያም ይረዝማል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ከግማሽ በላይ ኃይል ሊወስድ ይችላል።

ባትሪውና ኮንትሮለሩ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ምሰሶ ላይ ያልሰቀልኳቸው በብርድ ምክንያት ነው፤ ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል፣ ይህ ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። በሁለቱ መሀል ያለው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኮንትሮለሩ ባትሪው ሳይሞላ የሞላ ይመስለዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ የ20 አምፔር ፊውዝ አለ። አያያዙ በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓነል፣ በመጨረሻ ካሜራው፤ ሲፈታ በተገላቢጦሽ። ኮንትሮለሩ 12 ይሁን 24 የሚለየው ባትሪውን አይቶ ነው፤ ፓነሉ ቀድሞ ከተሰካ 22 ቮልት ሊቀበል ይችላል። የቻርጁ ጣሪያ 14.4 ቮልት ላይ ተስተካክሏል፣ ኢኳላይዝ የሚለው (ለአሲድ ባትሪ የታሰበው ከፍ ያለ ቻርጅ) ጠፍቷል።

በጣም የሚያደናግረው ብልሽት ይህ ነው፦ ካሜራው ቀን በደንብ ይሠራል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየጠፋ ይነሳል። ሰው ባትሪውን ይከሳል። ቴስተር ባትሪው ላይ ሲያዝ ግን 13.1 ያሳያል፤ ካሜራው መሰኪያ ላይ ሲያዝ 11 ገደማ ብቻ ነው። ጥፋቱ የሽቦው ነው። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ30 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 2 ኦም ያህል አለው፤ ማታ ኢንፍራሬዱ በርቶ ካሜራው ምስል ሲልክ 1 አምፔር ከሳበ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ዘርግቼ ቋሚ 12 ቮልት የሚሰጠውን መቀየሪያ ካሜራው አጠገብ አስቀመጥኩ። ይህ መቀየሪያ ቀን ቻርጁ 14.4 ሲደርስም ካሜራውን ይጠብቀዋል።

ሽቦ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ከታች ነው፤ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ታጥፎ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን መዳብ ያለበት ቦታ ላይ አይደረግ፤ አሲዱ ሽቦውን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

በበጋ የኮረኮንች አቧራ ስላለ ፓነሉ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት በማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል፤ በደረቅ ጨርቅ ከታሸ መስታወቱ ይቧጨራል። በክረምት የምከታተለው አንድ ነገር ነው፦ ኮንትሮለሩ ቢያንስ በየጥቂት ቀኑ 14.4 መድረሱን። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 አካባቢ ስለሚቆይ መሀሉ ላይ ስንት እንደቀረ አይናገርም። ሐምሌ ላይ ሳምንት ሙሉ 14.4 ካልደረሰ የሚጨመረው ሁለተኛ 100 ዋት ፓነል በትይዩ ነው እንጂ ባትሪ አይደለም፤ ኮንትሮለሩን ከ10 አምፔር ይልቅ ባለ 20 የገዛሁትም ለዚያ ቦታ እንዲኖረው ነው።