ከኮንሶል የተቀዳ ኮድ መልሶ ማስኬድ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ካምፓስ አጠገብ ስለምኖር የማስተርስ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ዳታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚያመጡት ግን ስክሪፕት (ትዕዛዞቹ በተራ የተጻፉበት ፋይል) አይደለም። ዳታ ከሚተነተንበት የፕሮግራም ቋንቋ ከአር (R) ኮንሶል፣ ትዕዛዝ ተጽፎ ውጤቱ ከሚታይበት መስኮት፣ ላይ ያለውን ሁሉ ኮፒ አድርገው ዎርድ ላይ የለጠፉትን ነው። ኮዱ፣ ውጤቱ፣ የስህተት መልእክቱ ተቀላቅሎ።

ሰሞኑን አንዲት የጤና ተማሪ እንዲህ ዓይነት ፋይል ይዛ መጣች። ዳታው አዘዞ አካባቢ ካሉ እናቶች ስለ እርግዝና ክትትል የተሰበሰበ ነው። አማካሪዋ ትንተናው ላይ የትምህርት ደረጃንም ጨምሪበት ብለዋታል። «ጋሼ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ጠፋብኝ። ስክሪፕቱን ሴቭ አላደረግኩትም፤ ያለኝ ይሄው ነው» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ይሄ ካለ ኮዱ አለ» አልኳት።

አር ትዕዛዝ ሲጠብቅ መስመሩ መጀመሪያ ላይ > ያሳያል። ትዕዛዙ ካላለቀና ወደሚቀጥለው መስመር ከተሻገረ + ይመጣል። እነዚህ ምልክቶች ኮድ አይደሉም፤ ከኮዱ ጋር ግን አብረው ይቀዳሉ። ምልክት የሌለው መስመር ውጤት ነው። ልጆቹ ታዲያ በዎርድ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ሁሉንም > እና + በአንድ ጊዜ ያጠፏቸዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሰብሴት በሚባለው የማጣሪያ ትዕዛዝ ውስጥ «ዕድሜ >= 18» የሚል ነበር እንበል። > ሲጠፋ «ዕድሜ = 18» ይሆናል። አር ስህተት ብሎ አይጮህም። ማጣሪያውን ዝም ብሎ ይተወውና ሁሉንም እናቶች ይመልስላችኋል። ቁጥሩ ይወጣል፣ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ውጤቱ ግን የሌላ ጥናት ነው።

ስለዚህ የሚነካው የመስመሩ መጀመሪያ ብቻ ነው። ፋይሉን የአር ኮድ ወደሚጻፍበት ፕሮግራም፣ ወደ አርስቱዲዮ፣ ወሰድኩት። መጀመሪያ ምልክት የሌላቸውን መስመሮች ፊታቸው # አድርጌ ኮሜንት አደረግኳቸው፤ ኮሜንትን አር አያስኬደውም። ቀጥሎ ፍለጋው ላይ ሪጀክስ የሚለውን (በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቅርጽ የሚፈልገውን) መርጬ ^[>+] ? ብዬ ፈለግኩና በባዶ ተካሁት። ^ የመስመር መጀመሪያ ማለት ስለሆነ መሃል ያሉት አይነኩም። ሪፕሬክስ የሚባለው ፓኬጅም (አር ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ምልክቶቹን ያነሳል፤ ግን ውጤቱንም አብሮ ያስወግዳል። እኔ ውጤቱ እንዲጠፋ አልፈልግም። ኮዱ እንደገና ሲሄድ ያው ቁጥር መውጣቱን የሚመሰክርልን እሱ ብቻ ነው። የፓይተን ሰዎች ደግሞ >>> እና ... ያጋጥማቸዋል፤ መንገዱ ያው ነው።

የተሳሳቱ ሙከራዎችንም ለየሁ። ኮንሶል የሠራውንም ያልሠራውንም በተራ ያስቀምጣል። ስህተት የመለሰ ትዕዛዝ ሁሉ ኮሜንት ሆነ። ዎርድ ላይ በእጇ ያስተካከለቻቸው መስመሮችም ነበሩ። እዚያ ዎርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ወደ ጠማማው “ ” ቀይሮታል። አንዱ ቦታ ላይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ስለነበር በኮማ ፈንታ ፣ ገብቷል። ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል፤ አር ግን አያልፈውም።

ከዚያ አርን ዘግቼ በባዶ ሴሽን ከላይ እስከ ታች አስኬድኩት። ሬግሬሽኑ ከድሮው ውጤት ጋር ቁጥር በቁጥር ገጠመ። ሁለት ቦታ ግን ተለያየ። ሰመሪው (የዓምዶቹ ማጠቃለያ) ድሮ የየቀበሌውን እናቶች ቆጥሮ ያሳይ ነበር፤ አሁን ዓምዱ ጽሑፍ መሆኑን ብቻ ነገረን። በሳምፕል (በዕጣ) የተመረጡት ቤቶችም ሌሎች ሆኑ፣ ዕጣው ሁሌ አንድ ዓይነት እንዲወጣ የሚያደርገው ሴት ሲዱ (set.seed) ያው ሆኖ ሳለ።

መልሱ የፋይሉ አናት ላይ ነበር። አር ሲከፈት የሚጽፈውን የቨርዥን መስመርም አብራ ቀድታዋለች፤ 3.5 ይላል። እኔ ጋ ያለው ከ4.0 በኋላ የወጣ ነው። በ2019 የወጣው 3.6.0 ሳምፕል የሚመርጥበትን ስልት ቀይሯል። በ2020 የወጣው 4.0.0 ደግሞ ጽሑፍን በራሱ ወደ ፋክተር (በምድብ ወደሚቆጠር ዓምድ) መቀየሩን ትቷል። የሳምፕሉን ስልት ወደ ድሮው ራውንዲንግ መለስኩት፤ ዳታው ሲነበብም ጽሑፉ ፋክተር እንዲሆን አዘዝኩ። ቤቶቹ እነዚያው ሆኑ፣ ሰመሪውም መቁጠር ጀመረ።

የትምህርት ደረጃን የጨመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ስክሪፕቱን ከድሮው ውጤት ጋር ሴቭ አድርጋ፣ አንድ ኮፒ በቴሌግራም ለራሷ ላከች። የቨርዥኑን መስመርም አናቱ ላይ ኮሜንት አድርገን ተውነው።